ፓይል ከመቅበራችን በፊት

ሕንፃ ሲያጋድል መጀመሪያ የምንጠረጥረው ብረቱንና ሲሚንቶውን ነው። በጃፓኗ ኒጋታ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 በመሬት መንቀጥቀጥ የጋደሙት አፓርትመንቶች ግድግዳቸው ብዙም አልተጎዳም ነበር። አንዱማ በጀርባው ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ጥፋቱ ከሥራቸው ነበር፤ ውሃ ያዘለው ልል አሸዋ ሲናጥ እንደ ፈሳሽ ሆነ። በዚያው ከተማ አሸዋው ቀድሞ በጥልቀት የተጠቀጠቀባቸው ቦታዎች ጉዳታቸው በጣም ያነሰ ነበር።

ይህን የማነሳው አንድ ልማድ ስለሚያበሽቀኝ ነው። አፈሩ ደካማ ነው ከተባለ ወዲያው “ፓይል ይቀበር!” ይባላል፤ በጥልቀት መሬት ውስጥ የሚገባ ረዥም ምሰሶ ማለት ነው። ፓይልን አልጠላም። ግን ደካማውን አፈር ዘሎት ነው የሚያልፈው። ከሥር ያለው ልል አሸዋ ከሆነ፣ ራሱን አሸዋውን ማጠንከር እየተቻለ ያን ሁሉ ኮንክሪት ለምን እንቀብራለን?

ሮለር እንደሆነ እዚህ አያዋጣም፤ ጉልበቱ ላይ ላዩን ነው። ወደ ታች መድረስ የሚችል አንዱ ዘዴ ሲያዩት ጭካኔ ይመስላል፤ ከባድ ብረት በክሬን ሰቅሎ መልቀቅ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሉዊ ሜናር ነው ያስፋፋው። ግምቱ ቀላል ነው። ቶኑን በሜትሩ አባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ ግማሹን ያዙ። 20 ቶን ከ20 ሜትር ቢለቀቅ እስከ 10 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይሰማል ማለት ነው። ጎረቤት ሕንፃ ካለ ግን እሱም ይሰማዋል።

እኔ የምወደው ሁለተኛውን ነው፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀመሩትን። ጫፉ የሚንቀጠቀጥ ረዥም የብረት ዘንግ ክሬን ላይ ይንጠለጠላል፤ ውሃ እየረጨ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል። ከዚያ ግማሽ ግማሽ ሜትር እያለ ወደ ላይ ይሳባል። ኦፕሬተሩ ከታች ያለውን አያይም። ዓይኑ የአምፔር መቁጠሪያው ላይ ነው። አሸዋው በጠበቀ ቁጥር ሞተሩ ይከብደዋል፣ አምፔሩም ይወጣል። በዘንጉ ዙሪያ መሬቱ እየሰረጎደ ሲወርድ ሎደር አሸዋ እየገፋ ይሞላዋል። ያ ስርጉደት ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሊመጣ የነበረ ነው። ቀድሞ መጣ፣ ተገላገልን።

“ሞክረነው አልሠራም” የሚሉ አሉ። ብዙውን ጊዜ አፈሩ ሸክላ ሆኖ ነው። ሸክላ ውሃውን ቶሎ አይለቅም፤ ንዝረቱ ያንገጫግጨዋል እንጂ አያጠብቀውም። ለእሱ የጠጠር ምሰሶ አለ፤ ወይም ውሃ ማስወጫ ተክሎ አፈር ከላይ ጭኖ ወራት መጠበቅ። ይህን ለመለየት የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል። የሚገርመው ግን በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላም ኮንትራክተሩ “ጠቅጥቄያለሁ” ስላለ ብቻ መፈረም የለበትም። የአፈሩን ጥንካሬ የሚለካ የመፈተሻ ዘንግ ከሥራው በፊትም በኋላም መውረድ አለበት። ደግሞም የሚንቀጠቀጠው ዘንግ በወረደበት ነጥብ አጠገብ አይደለም፤ እዚያማ ሁሌም ያማረ ቁጥር ነው የሚገኘው። በነጥቦቹ መሀል፣ ንዝረቱ በደከመበት ቦታ ይፈተሽ። አሸዋ ከተጠቀጠቀ በኋላ ባሉት ቀናት ጥንካሬ ስለሚጨምር ጥቂት መታገስ ነው። ክፍያውም ከዚያ በኋላ ይሁን።