ገዳይ በአመክሮ ይፈታ?

ሰው ገድሎ የተፈረደበት እስረኛ የእስራት ጊዜውን ሳይጨርስ በአመክሮ መውጣት ይገባዋል ወይ? የሚከራከሩት ለሟች ቤተሰቦች የሚቆሙ ጠበቃና በማረሚያ ቤት ያስተማሩ መምህር ናቸው።

ጠበቃዋ፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን የታሰረ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት የፈጸመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል ይላል። ተራ የሰው ግድያ የሚያስቀጣው ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። እንግዲህ 15 ዓመት የተፈረደበት ገዳይ በ10 ዓመቱ ሊወጣ ነው። ሟች በሦስት ዓመቱ ጥሎት የሞተው ልጅ ያኔ ገና 13 ዓመቱ ነው፤ የአባቱን ገዳይ ገበያ ላይ ያገኘዋል። መምህር፣ ለዚህ ልጅ ምን ይሉታል?

መምህሩ፦ ለልጁ የምለው የለኝም። ግን አመክሮ የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከገዳም ነው። ምንኩስና የሚሻ ሰው ቆቡን ከመድፋቱ በፊት ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየፈለጠ የሚፈተንበት ጊዜ ነው። ፊርማው የአውራ ጣት የነበረ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ፊደል ቆጥሮ፣ ከእናቱ የመጣውን ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ያነበበ ዕለት ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ይህ ሰው ዞሮ ዞሮ መውጣቱ አይቀርም። ተስፋ ቆርጦ ይውጣ ነው የሚሉኝ?

ጠበቃዋ፦ መናኝ ገዳም የሚገባው በፈቃዱ ነው፤ የሚተወውም የራሱን ዓለም ነው። ተማሪዎ ያጠፋው የሌላ ሰው ነፍስ ነው። በአጥር ውስጥ ጨዋ መሆኑ ጠባቂ መፍራቱን እንጂ ምን ያሳያል? ደግሞ ያው አንቀጽ እስረኛው በተቻለው መጠን ጉዳቱን መካሱን ይጠይቃል። በያዝኳቸው ጉዳዮች ግን ሚስትየዋን «ካሰሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ደም በሚመለስበት አገር መንግሥት «እኔ እቀጣልሃለሁ» ብሎ ጠመንጃውን ከወንድም እጅ አስጥሏል። ሲሶውን ሲምር ወንድሙ ጠመንጃውን መልሶ ያነሣል።

መምህሩ፦ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው፣ እህቴ። ከመፈታቱ በፊት ሽማግሌ ገብቶ እርቅና ካሳ ቢያልቅ እኔም ደስ ይለኛል፤ የምፈራው ለእሱም ጭምር ነው። ተማሪዬ ሽመና ለምዶ ጥቂት ብር ቋጥሮ ነበር። ለሟች ቤት ልላክ ወይስ በቁስላቸው ላይ ስድብ ይሆንብኛል እያለ ያማክረኝ ነበር።

ጠበቃዋ፦ ላከው?

መምህሩ፦ አልላከም። የሚያደርስለት አጣ።

ጠበቃዋ፦ እኔ አደርስለት ነበር። ትቀበለዋለች ብዬ ግን አልምልልዎትም።