እረኛ ምን አለ? ከሊትል ሮክ እስከ ሰኞ ገበያ

የአሜሪካው የምርጫ ዘመቻ ስልት አዋቂ ጄምስ ካርቪል በ2024 የፕሬዚዳንት ምርጫ ዋዜማ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ካማላ ሃሪስ እንደምታሸንፍ እርግጠኛ ነኝ ብሎ ጻፈ። ተሸነፈች። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ገና እንደገባ እዚያው ጋዜጣ ላይ ተመልሶ ተሳስቼ ነበር አለ፤ የተሳሳተበትንም ነገር ለይቶ ተናገረ፦ የኑሮ ጉዳይ። (የውጩን ዓመት በፈረንጅ፣ የአገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሚገርመው ሰውዬው ስሙን የተከለው በዚያው በኑሮ ጉዳይ ነበር። ሌላውን ያስተማረበት ትምህርት ከራሱ እጅ አመለጠው።

ካርቪል በ1944 ተወልዶ ሉዊዚያና ውስጥ በአያቱ ስም በምትጠራ መንደር አደገ። ሁለት ዓመት በማሪን ጦር አገለገለ፣ ሕግ አጠና፣ ጥብቅና ሞከረ፣ ብዙም አልገፋበትም። በ1982 ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ ሴናተር እጩ ዘመቻ ሲመራ 38 ዓመቱ ነበር፤ ተሸነፈ። በ1984 ቴክሳስ ላይ ደገመ፤ አሁንም ተሸነፈ። ድል የቀመሳት በ1986 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ቦብ ኬሲን ገዥ ሲያስመርጥ ነው። በ1991 እዚያው ግዛት ሃሪስ ዎፎርድን የሕክምና ወጪን ጉዳይ አስይዞ ለሴኔት አበቃው፤ ብዙም ሳይቆይ የቢል ክሊንተን የፕሬዚዳንትነት ዘመቻ እጁ ገባ። የአገር ቤት ወጣት ይህን ታሪክ ሲሰማ ክሊንተንን ብቻ ይይዛል። እኔ ግን ሁለቱን ሽንፈቶች አስቀድማለሁ፤ ሙያው የተገራው እዚያ ነዋ።

የዘመቻው ጽሕፈት ቤት አርካንሳስ፣ ሊትል ሮክ፣ ተዘግቶ በነበረ የጋዜጣ ሕንጻ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ሦስት መስመር ተጻፈ፦ ለውጥ ወይስ ያው የበፊቱ፤ ኢኮኖሚው ነው፣ ሞኞ፤ የጤናውን ነገር እንዳትረሱ። ብዙ ሰው መካከለኛውን መስመር ለሕዝብ የተነገረ መፈክር ያደርገዋል። አይደለም፤ የተጻፈው ለዘመቻው ሠራተኞች ነው፣ ነገር እንዳያበዙ። እጩው አሥር ጉዳይ ቢያነሳ ጋዜጠኛ የሚመርጠው አሥረኛውን፣ ምናልባትም የማይረባውን ነው። ሦስት ብቻ ከያዘ ግን የትኛውም ቢመረጥ አይጎዳውም። በ1992 አጋማሽ ሥራ አጥነት 7.8 በመቶ ደርሶ ነበርና መስመሩ መሬት ነክቶ ቆመ። ሌላው ብልሃት ፍጥነት ነው፦ ተቀናቃኝ ጠዋት የተናገረው ለማታው ዜና ከነምላሹ እንዲደርስ ማድረግ። ክሊንተን 43 በመቶ ድምፅ ይዞ አሸነፈ፤ ሦስተኛ ተወዳዳሪ ስለነበር ግማሽ አላስፈለገውም።

በዓመቱ ካርቪል የተቀናቃኙን የቡሽን የዘመቻ ሰው ሜሪ ማታሊንን አገባ። አሜሪካ ጉድ አለ። ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ጣራ ሥር ሲጾሙ ያየ የወሎ ሰው ግን ለዚህ ብዙም አይደነቅ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲገን በአገሩ ዘመቻ መምራቱን እየተወ ወደ ካሜራው ተጠጋ፤ ከ2002 እስከ 2005 በሲኤንኤን የክርክር መድረክ ተቀመጠ፣ ዩኒቨርሲቲም አስተማረ። ይህ መንገድ የእሱ ብቻ አይደለም። የክሊንተን አማካሪ ጆርጅ ስቴፋኖፖሎስ ከዋይት ሃውስ ወደ ኤቢሲ፣ የትንሹ ቡሽ አማካሪ ካርል ሮቭ ወደ ፎክስ፣ የኦባማ አማካሪ ዴቪድ አክስልሮድ ወደ ሲኤንኤን ሄደዋል። ብሪታንያም የቶኒ ብሌርን ቃል አቀባይ አላስተር ካምቤልን ማይክሮፎን ፊት አስቀምጣዋለች።

አሁን ወደ አገር ቤት፣ ወደ ደሴ እንምጣ። እኛ ዘንድ የዘመቻ አማካሪነት ሙያ አልነበረም የሚል ካለ ነገሥታቱ እረኛ ምን አለ? ብለው የሚያስጠይቁበትን ልማድ ይጠይቅ። ያ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ነው፤ ከግብር አዳራሽ ሙገሳ ይልቅ ሜዳ ላይ ያለ ፍርሃት የሚዘፈነውን መስማት። ቅሬ (የወሎን እድር) የሚመሩ አባቶችም በየትኛው ቤት ምን ቅሬታ እንዳለ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማንን በማን በኩል ማናገር እንደሚሻል ያውቃሉ። ይህን የሚያውቅን ሰው ሊትል ሮክ ላይ ደመወዝ ከፍለው ይቀጥሩታል።

ልዩነቱ እረኛው ስንት ነው፣ የትኛውስ እረኛ ነው የሚለው ላይ ነው። በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች ሲጠየቁ ውጤቱ ወደላይም ወደታችም 3 ነጥብ ያህል ይወዛወዛል። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ 2,000 አይበቃም፣ 4,000 ያስፈልጋል። ከሺዎቹ ውስጥ ሴት ወጣቶችን ብቻ ለይቶ 100 ሰው ላይ የሚተነትን ደግሞ 10 ነጥብ ሊስት ይችላል። ዋናው ቃል ግን "በዕጣ" የሚለው ነው። ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ 5,000 ወንድ የሚጠይቅ ሰው ከ5,000 ወንድ በቀር ምንም አያገኝም። ስልክ ብቻ የሚደውልም የኩታበርና የደሴ ዙሪያ ገበሬ ያመልጠዋል። ሰኞ ገበያ የሚቆም ደግሞ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ፈረቃ ላይ መሆኑን ይርሳው እንጂ ሠራተኛው ድምፅ መስጠቱን አይረሳም።

ተንታኝ ነን ከሚሉን ይህን የሚያውቅ ስንቱ ነው? ውጭ አገር ስክሪኑ ግርጌ ላይ የዴሞክራቶች ስትራቴጂስት ወይም የቀድሞ የእገሌ አማካሪ ተብሎ ይጻፋል፤ ተመልካቹ ለወገንተኝነቱ የሚቀንሰውን ራሱ ያሰላል። እኛ ጋ ለሁሉም የፖለቲካ ተንታኝ ነው። ሸዋ በር ካፌ ውስጥ አንዱ ወጣት ከጎኑ የተቀመጡትን፣ ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ የማንን ዘመቻ መርቶ ያውቃል? ቢላቸው፣ ኧረ ልጄ፣ ስልኩን ነው የሚመራው! ማለታቸው አይቀርም። ቀልዱ ለዳያስፖራውም ይተርፋል። ደሴ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ሌሊት ነው፤ ገና ያልነጋለት ሰው ስለ ደሴው ሙጋድ ውሎ ይተነትናል። ሲሳሳት የሚጠይቀው የለም፤ ተመልካች ባስቆጣ ቁጥር የሚከፈለው ግን አይቀርም።

የውጩም ንጹሕ አይምሰላችሁ። ዶና ብራዚል በ2000 የአል ጎርን ዘመቻ መርታ ሲኤንኤን ተንታኝ ሆነች፤ በ2016 ሲኤንኤን ለእጩዎች የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች አስቀድማ ለሂላሪ ክሊንተን ሰዎች ማሳወቋ በሾለኩ ኢሜይሎች ሲታወቅ ጣቢያው ተለያት። በ2019 ፎክስ ቀጠራት። ካርል ሮቭ በ2012 ምርጫ ምሽት የራሱ ጣቢያ ኦሃዮን ለኦባማ መስጠቱን አልቀበል ብሎ በቀጥታ ሥርጭት ተከራከረ፤ አቅራቢዋ ካሜራ አስከትላ የጣቢያው የቁጥር ባለሙያዎች ክፍል ድረስ ሄዳ ጠየቀች፣ ቁጥሩ እሱን አልደገፈም። ሥራውን ግን አላጣም። የተንታኝነት ሙያ ስህተትን እንደ ጥብቅና ወይም እንደ ቀዶ ጥገና አያስከፍልም።

ከሁሉ የባሰው ይህ የዘመቻ ስልት ወደ ሌላ አገር ሲጫን ነው። በ2002 ካርቪልና ባልደረቦቹ በቦሊቪያ ጎንሳሎ ሳንቼስ ዴ ሎሳዳን አገዙ። በ22.5 በመቶ ገደማ ድምፅ አንደኛ ወጣ፣ በምክር ቤት በኩልም ፕሬዚዳንት ሆነ። ጥቅምት 2003 ላይ ሰዎች የሞቱበት ተቃውሞ ከሥልጣን አውርዶት ወደ አሜሪካ ሸሸ። ከአራት ሰው ሦስቱ ያልመረጠውን መንግሥት ማስመረጥ ይቻላል፤ ማስተዳደር ሌላ ነው። አማካሪው በዚያ ጊዜ ቲኬቱን ቆርጦ ከሄደ ቆይቷል። ከውጭ ስልት ገዝተን እናምጣ ለሚሉ ወገኖች ይህን የቦሊቪያ ሂሳብ አንድ ጊዜ እንዲሠሩት እመክራለሁ።

ደሴ ውስጥ ሙያውን ከሥሩ ለመጀመር ለሚፈልግ ዕቃው ብዙም ውድ አይደለም። የምርጫ ሥርዓታችን በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ የሚያልፍበት ነው፤ 547 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች እንዲህ ይሞላሉ። ስለዚህ የአገር አቀፍ ድምር ብዙም አይነግረን፤ የሚነግረን የየጣቢያው ቁጥር ነው። ድምፅ ተቆጥሮ ሲያልቅ ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወረቀት የተመዝጋቢውን፣ የመራጩን፣ የተበላሸውንና እያንዳንዱ እጩ ያገኘውን መገልበጥ ነው። መራጩን ለተመዝጋቢው ማካፈል፤ እንደ ቧንቧ ውሃና ሆጤ ያሉ የደሴ ሰፈሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ። ብዙ ሰው ተመዝግቦ ጥቂት የወጣበት ጣቢያ ቁጣም ተስፋ መቁረጥም ይዟል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው እግር እንጂ ስክሪን አይደለም፣ ቤት ለቤት ሄዶ መጠየቅ ይጠይቃል። የተበላሸ ድምፅ በአንድ ጣቢያ ብቻ ከበዛም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፖለቲካው ሳይሆን መራጩ ስለ ወረቀቱ በቂ ማብራሪያ አለማግኘቱ ነው።

አንድ ችግር አለ። 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ነበር፤ ሰኔ ላይ ደግሞ የጦሳ ተራራ ደመና ቀጠሮ አያከብርም። ውጭ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሌሊቱን ዝናብ ካገኘው በማግሥቱ የሚነበበው ሙጫው ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶው በዚያው ምሽት፣ ቀጥ ብሎ፣ የጣቢያው ስምና ማኅተሙ ሳይቆረጥ ይነሳ።