ስክሪኑ ሳይሆን ሽቦው ነበር!

በእውነት መሮኛል። ዛሬ ጠዋት እዚህ ጅማ ከጅሬን ወርጄ መርካቶ እስክደርስ የመኪናዬ ስክሪን 4 ጊዜ ጠፍቶ በራ። አርማው ይመጣል፣ ትንሽ ይጭናል፣ ሬዲዮው ሊናገር ሲል ድርግም። ትናንትማ ወደ ኋላ ስወጣ ካሜራው ጠፋ፤ ከኋላዬ የጎረቤት ልጅ ኳስ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር። እስካሁን ልቤ አልተረጋጋም።

የገጠመልኝ ዴኮር ቤት ሁለቴ «ሶፍትዌሩ ነው» ብሎ ብር ተቀበለኝ። ሁለቴም ጫነው፣ ሁለቴም በማግስቱ ያው! ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ ሞተር ሳስነሳ፣ የፊት መብራት ሳበራ እና ጉድጓድ ስገባ ብቻ ለምን ይጠፋል?

ዛሬ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ወስጄ አስፈታሁት። ሁሌም ከባትሪ ኃይል ማግኘት ያለበት ቢጫው ሽቦ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚሠራው ቀይ ጋር ተጠምዝዞ፣ ሁለቱም ከሲጋራ መለኮሻው ቀጭን ሽቦ ላይ ተንጠልጥለዋል። ለካ ያስቀመጥኳቸው የሬዲዮ ጣቢያዎች በየቀኑ የሚጠፉት ለዚህ ነው! ጥቁሩ፣ ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው ኔጋቲቭ ሽቦ)፣ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቀለም የተቀባ ብሎን ላይ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ቴስተር ስናስገባ ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት፣ ስክሪኑ ጀርባ ግን መብራት ሲበራ 10 እንኳን አይሞላም። ታዲያ እንዴት አይጠፋ?

የሚያንገበግበኝ ብሩ አይደለም። ቴስተር ማስገባት 5 ደቂቃ አይፈጅም እኮ! መጀመሪያ ለክቶ «ሽቦው ነው» ቢለኝ ምን ነበረበት? ነገ ከባትሪው በፊውዝ አዲስ ወፍራም ሽቦ እናስገባለታለን።