ጆሮው ከቆመ ይበቃል

እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ትልቅ የእረኛ ውሻ ለማምጣት ሲነሡ ለደቂቃ እንኳ የማያመነቱ ሰዎች አሉ። እነሱን ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። እኛ ፈሪዎቹ ስናሰላ እንከርማለን። ማን ያንሸራሽረዋል? ማን ያሠለጥነዋል? ሰው ሁሉ ሥራ ሲወጣ ከማን ጋር ይውላል? እነሱ ግን ስልካቸው ላይ አንድ ፎቶ ያያሉ፤ በቃ፣ አለቀ። ጆሮው ቆሟል። ደረቱ ሰፊ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቡናማ። ከዚህ ወዲያ ምን ጥያቄ አለ?

ይህን ጥበብ ሳያይ ያለፈው ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ ያሳዝነኛል። የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ሆራንድ የሚባለውን ውሻ ገዛ፤ በዚያው ዓመት የጀርመን ሼፐርድ ማኅበርን መሠረተ። ከዚያም ውሻ የሚመዘነው በሥራው ነው እያለ ዕድሜውን ፈጀ። የእነዚህ ውሾች ሥራ ደግሞ ማሳ ዳር አጥር መሆን ነበር። መንጋው ሲግጥ ሰብል ውስጥ እንዳይገባ ድንበሩን ይዘው ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። ምስኪን ስቴፋኒትዝ! ይህን ሁሉ ጉልበት ሳሎን ውስጥ ቆልፎበት መውጣት እንደሚቻል አልታየውም።

የኛ ጀግና ግን ታየው። ጠዋት ይቆልፋል፣ ማታ ይከፍታል። ውሻው ሥራ ፈትቶ መዋል አልተፈጠረበትምና ሥራ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚያገኘው ሶፋውን ነው። ጨርቁን በጥርሱ ይዞ ይተረትራል፣ ከዚያ ስፖንጁን እፍኝ እፍኝ እያወጣ ሳሎኑን ያለብሰዋል። ሰውየው ሲመለስ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ይሄ ውሻ ቂመኛ ነው!» እንዲህ ያለ ልብ መርማሪ ከየት ይገኛል?

እንግዳ የመጣ ዕለት ደግሞ ጉድ ይታያል። ልጆች ሳሎን ውስጥ ይሯሯጣሉ። ውሻው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይዞራቸዋል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ያፈተለከውን ተረከዙን ነከስ አድርጎ ይመልሰዋል። ትንሽ ቆይታችሁ ብትመለከቱ፣ ልጆቹ በሙሉ በመደርደሪያውና በግድግዳው መሀል ተኮልኩለዋል። ትንሿ ታለቅሳለች፤ አንድ ካልሲ ጠፍቷል። ባለቤቱ በኩራት ፈገግ ይላል፦ «አያችሁ? ልጅ ሲወድ!» እውነቱን ነው። መንጋ የማይወድ እረኛ የት አለ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን «ግቢያችን ሰፊ ነው» የሚለው መልስ ነው። ይህ መልስ የማይፈታው ችግር የለም። ሽርሽር? ግቢ አለ። ሥልጠና? ግቢ አለ። አብሮት የሚሆን ሰው? አልሰማችሁም እንዴ፣ ግቢ አለ! ውሻው ብቻውን ሲለቀቅ ማልዶ ተነሥቶ ዙር እየቆጠረ የሚሮጥ መስሏቸው ይሆናል። አጥሩን ተከትሎ ሣሩ ተልጦ አንዲት ቀጭን መንገድ ወጥታለች። እሷ ላይ ይመላለሳል። ብስክሌት ሲያልፍ ይጮኻል። ብስክሌቱ ይሄዳል። ውሻው እሱ ያባረረው ስለሚመስለው ለቀጣዩ ድምፁን ጨምሮ ይጠብቃል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይሄኛው ባልሮጠበት ነው የሚጮኸው። ጎረቤት እንቅልፍ ቢያጣ ምን አለበት? ሌባም አብሮ ያጣል።

ደግሞ ረቀቅ ያሉ ሊቆች አሉ። «ቡችላው ሰው ከለመደ ይለሰልስና ጠባቂነቱ ይቀራል» ይላሉ። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው በተለይ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። እነሱ ታዲያ ይህቺኑ ጊዜ መርጠው ከሰውም፣ ከሌላ ውሻም፣ ከመንገድ ጫጫታም ይከልሉታል። ውጤቱ ያማረ ነው። ጃንጥላ ያስደነግጠዋል። ኮፍያ ያደረገ ሰው ያስበረግገዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ መሸሻ ሲያጣ ይነክሳል። ወንዱ ሼፐርድ ትከሻው ላይ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ይቆማል፤ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። 40 ኪሎ ፍርሃት ገመድ ላይ አስሮ ወደ ውጭ መውጣት ቀላል ስላልሆነ፣ አይወጡም። ግቢ አለ ብያችኋለሁ።

ስለ ጠጉሩ ብዙ አልልም። ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፤ በዓመት ሁለቴ ደግሞ ይብስበታል። ጥቁር ሱሪ የምትወዱ ሌላ ቀለም ልመዱ።

ሲገዙ ያላቸውን ጨዋነትም ሳልጠቅስ አላልፍም። ይህ ዝርያ በዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ይታወቃል። ስለዚህ ነገረኛ ገዢ የእናትና የአባቱን የዳሌ ራጅ ካላየሁ ይላል። ጥንቁቅ አርቢም ያሳየዋል። የኛ ሰው ግን ሻጭን እንዲህ አይጠረጥርም። «ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፣ «በጣም!» ይባላል፣ ይጨባበጣሉ። ኋላ ውሻው ደረጃ መውጣት ሲያቅተው የእንስሳት ሐኪሙ ራጁን በራሱ ጊዜ ያነሣዋል። ምን ያስቸኩላል?

ሼፐርድ ዕድሜ ከሰጠው 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። የኛ ጀግና ግን ስስታም አይደለም፤ ገና ዓመት ሳይሞላው ለሌላው ያካፍላል። ማስታወቂያውን አይታችሁት ይሆናል፦ «በጣም ጨዋ ውሻ። ልጅ ይወዳል። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው በነፃ።»

ሰሞኑን ስለ ቤልጅጉ ማሊንዋ ሲያጠያይቅ ሰምቻለሁ። ፖሊስና ወታደር ሥራ ላይ የሚያሰማሩትን፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ «ቀጥሎስ?» የሚመስለውን ውሻ ማለቴ ነው። ቪዲዮ ላይ ግድግዳ ሲዘል አይቶት ልቡ ሄዷል። በደንብ አስቦበታል ደግሞ። ወንዱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ ከሼፐርዱ ይልቅ ለአፓርታማ ይመቻል ብሏል።