ይማርዎ፣ ክቡር ሰብሳቢ

ሰሞኑን የአዳማን አዳራሾች አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ይዟቸዋል፤ «ኢስቹ» (eschew)። «ብክነትን ኢስቹ እናድርግ!» ይላሉ ሰብሳቢው። ከኋላ የተቀመጠው ማስነጠስ መስሎት «ይማርዎ» ሊል ይዳዳዋል።

ቃሉ ምንም አላጠፋም። አስቦበት፣ ወስኖ፣ አይበጀኝም ብሎ መተው ማለት ነው። ስለዚህ ዝናብን ኢስቹ አያደርጉም፤ ይጠለሉታል እንጂ። ኢስቹ የሚደረገው እጅ ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው፦ መጠጥ፣ ድሎት፣ ክፋት። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ውስኪ ቢቀርበት ይህ ግሥ አይነገርለትም። እንግሊዞቹም በተራ ጨዋታ እምብዛም አያነሡትም፤ የመጽሐፍና የጋዜጣ ቃል ነው። በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ኢዮብ የተመሰገነው በዚሁ ግሥ ነው፤ የእኛው «ከክፋትም የራቀ» ይለዋል።

ጣጣው እዚችው «ከ» ላይ ነው። በአማርኛ የምንርቀውም የምንታቀበውም «ከ» አንድ ነገር ስለሆነ፣ ባነር አስጻፊው «ኢስቹ ፍሮም» ብሎ ቁጭ ያደርገዋል። ግሡ ግን ተሳቢውን በቀጥታ ነው የሚይዘው፤ «ፍሮም» አይፈልግም፣ «ቱ»ም አያስከትልም። ይህን ቢነግሩት መልሱ «ታትሟል» ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ይህችን ተረት እወዳታለሁ፤ ግን ያወጧት ሰዎች ባነር ቢያዩ ኖሮ ወረቀትን ባላሙት። ወረቀትስ ዝናብ ያርሰዋል፤ ባነር ስብሰባው ካለቀ በኋላ የጉሊት ጥላ ሆኖ ከነስሕተቱ ይከርማል።

ስብሰባ ከተነሣ አይቀር፦ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ተሰብሳቢው አዲስ አበባ፣ አዳራሹም እዚያው ባዶውን ተቀምጦ፣ ስለ ወጪ ቅነሳ ለመምከር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ በአዳማ ሙቀት መቀቀል ምን ይባላል? አበል ይባላል። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ፊርማ ላይ ግን የሚቀር የለም። ይሄ አያስቅም፤ የጉሊቷም ሴት ግብር አለበት።

ከፊርማ በፊት ሻይ አለ። «ኢስቹ» የዘር ሐረጉ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ከእንግሊዝኛው «ሻይ» ጋር ይገናኛል፤ ከሚጠጣው ሳይሆን ዓይን አፋር ከሚለው። ዝምድናው አዳማ ሲደርስ ተበጥሷል።

ለአረባብ ያህል፣ የግሡ ኃላፊ ጊዜ «ኢስቹድ» ነው። ቃለ ጉባኤ ለሚይዙ ግን እምብዛም አያስፈልጋቸውም።