ጎመኑን ያጠነዛው ማን ነው?

«ሴት ቢበዛ ጎመን ጠነዛ!» አለ ባለ ሕንፃው። ወጣቱ ገና ሐሳቡን ተናግሮ አልጨረሰም ነበር።

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ጣና ዳር ዓሳ ከሚጠበስበት አንድ ቤት ተቀምጠናል። ባለ ሕንፃው በከተማችን ሁለት ሕንፃ ያቆመ፣ ለሦስተኛው ቦታ የሚያፈላልግ ነጋዴ ነው። ወጣቱ የወረታ ልጅ፣ ባሕር ዳር ላይ በግሉ የሚሠራ መሐንዲስ። ሦስተኛው ዕድሜውን ሙሉ ፖሊ፣ ማለትም የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ያስተማረ ጡረተኛ መምህር። እኔ አብዛኛውን ጊዜ አዳማጭ ነበርኩ፤ ልቤ ግን ከመጀመሪያው ከወጣቱ ጋር ነበር፣ አሁንም ከእሱ ጋር ነው።

ወጣቱ ያለው ይህን ነው። ባሕር ዳር ለብቻዋ፣ ጎንደር ለብቻዋ፣ ደብረ ታቦር ለብቻዋ፣ ቡሬ ለብቻዋ ባለሀብት ከሚለማመጡ፣ የጣና ዙሪያ ከተሞች አብረው ለምን አይጠሩም? ከተማ አስተዳደሮቹ፣ የንግድ ምክር ቤቶቹ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ፣ የገበሬ ዩኒየኖቹ ተስማምተው አንድ ጽሕፈት ቤት ያቁሙ። ባለሀብቱ ሲመጣ አንድ በር ያንኳኳ፤ መሬቱ የት እንዳለ፣ መብራቱ የት እንደሚደርስ፣ ሠራተኛው ከየት እንደሚገኝ አንድ ሰው ይንገረው። ቦታው ሜራዊ ከተመቸው ሜራዊ ይሂድ፣ ወረታ ከተመቸው ወረታ ይሂድ። የትም ቢተከል ጥቅሙ ለሁሉም ይደርሳል።

የጎመኑ ተረት የመጣው እዚህ ላይ ነው። «አንተ ልጅ፣ የጋራ ኮሚቴ ማለት የጋራ አበል ማለት ነው» ብሎም ጨመረበት። «ባሕር ዳር ምን ጎደላት? ሐይቅ አላት፣ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ዓባይ ላይ 380 ሜትር ድልድይ ተሠርቶላታል፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። መሬት በነፃ ስጥ፣ ባለሀብቱ ሮጦ ይመጣል። ወረታ ከፈለገች ራሷ ትጥራ።»

መሬት፣ መሬት፣ አሁንም መሬት። የሰውየው ሙግት ከዚያ ተነሥቶ እዚያው ይመለሳል። የግብር እፎይታ የፌዴራል ሕግ የሚወስነው ጉዳይ እንደሆነ ረስቶት አይመስለኝም፤ ነጋዴ ነው፣ ያውቃል። ከተሞች እርስ በርሳቸው ሊሽቀዳደሙበት የሚችሉት ነገር መሬት ብቻ ነው፤ በዚያ ሲሽቀዳደሙ ደግሞ የሚከስረው ከማሳው የሚነሣው ገበሬ ነው።

መምህሩ ቀስ ብሎ ገባ። «ወንድሜ፣ ይህች ከተማ ከተማ የሆነችው መሬት በነፃ ስለታደለ ነው እንዴ? ጨርቃ ጨርቁ በ1953 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተተከለ። ፖሊን በ1955 ሶቪየቶች ሠሩት። በ1956 የጢስ ዓባይ ማመንጫ መብራት ሰጠ። ጀርመኖቹ ማስተር ፕላኑን አወጡ። ዛሬ ጥላ የምንቀመጥበት ሰፊ መንገድ የዚያ ፕላን ውጤት ነው። ፋብሪካው ያለ መብራት፣ መብራቱ ያለ ባለሙያ፣ ባለሙያው ያለ ትምህርት ቤት ምን ይሠራ ነበር? አንዱ ሌላውን ይዞ ስለመጣ ነው ሰው ከየገጠሩ ወደዚህ የጎረፈው።»

«ያ በንጉሡ ጊዜ ነው፤ አንድ ሰው ያዝዛል፣ ይፈጸማል። አሁን አዛዡ በዛ። ሴት ቢበዛ…»

«ጎመኑን ሰምተናል» አለ መምህሩ። «ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል ብለህ ለባለሀብቱ ብትነግረው እሱ የሚጠይቅህ ሌላ ነው። ‹የእኔ ፋብሪካ ደጃፍ የሚቆመው ትራንስፎርመር ስንት ይሸከማል? በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋል? ማታ ለሚገባ ሠራተኛ ሰርቪስ አለ ወይ?› ይልሃል። ይህን ለመመለስ የመብራት ኃይሉ፣ የከተማው፣ የትራንስፖርቱ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። አንተ ግን የምታሳየው ካርታ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ብቻ ነው።»

ባለ ሕንፃው ለዚህ መልስ አልነበረውም። ዓሳው ቀዘቀዘ ብሎ ወቀሰ።

ወጣቱ ከዚያ የነገረን ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ፎገራ ሩዝ ይበቅላል፤ ሀገሪቱ ውስጥ ስሙ የታወቀ የሩዝ ሜዳ ነው፣ የሩዝ ምርምር ማዕከሉም እዚያው ነው። ወረታ ከተማ ብትገቡ ከወፍጮ ቤቶቹ ደጃፍ የሩዝ ቅርፊት ተቆልሎ ታያላችሁ። ነፋስ ሲነሣ አቧራው ዓይን ያስጨፍናል። ውስጥ ያለው አሮጌ ማሽን ሩዙን ይሰባብረዋል፤ ከጆንያው እፍኝ አንሥታችሁ መዳፋችሁ ላይ ብትዘረጉት ሙሉው ፍሬና ስብርባሪው ተደባልቆ ነው የምታገኙት። «አጎቴ ያንን ሩዝ በርካሽ ይሸጣል» አለ ወጣቱ። «60 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ባሕር ዳር ስገባ ደግሞ ሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ የማየው ከውጭ የገባ ሩዝ ነው። ጥሩ ማሽን የሚተክል ባለሀብት ለወረታ ሰው ብቻ ነው የሚጠቅመው? ቅርፊቱን ማገዶ የሚያደርግ፣ ለዶሮ መኖ የሚፈጭ፣ ማሸጊያ የሚሠራ አብሮ ይመጣል። ማሸጊያው ባሕር ዳር ፓርክ ውስጥ ቢሠራ ማን ይከለክላል?»

በዚህ አላበቃም። ሜራዊ ላይ የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያጠጣል፣ አቮካዶው ወደ ውጭ መላክ ጀምሯል። ቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አለ። ዘጌ ቡና አለ። ደረቅ ወደቡ ወረታ ነው። ዕቃው ወደ ጅቡቲ ሲሄድም አዲስ አበባን መዞር የለበትም፤ ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በወልድያ፣ በሚሌ አድርጎ የሚያስገባ መንገድ አለ። «እና ጋሼ፣ ባሕር ዳር ለብቻዋ ለባለሀብቱ ምን ታሳየዋለች? ጥሬ ዕቃው ሌላ ወረዳ፣ ወደቡ ሌላ ከተማ፣ መንገዱ ሌላ ዞን ነው። የከተማ ወሰን ለባለሀብቱ ምኑም አይደለም።»

«ሁሉም የድርሻውን ሲጎትት ነው የሚበላሸው። ሴት ቢበዛ ጎመን ጠነዛ ያልኩህ ለዚህ ነው።»

ወጣቱ የአሜሪካ ምሳሌ አመጣ። ክሊቭላንድ የባሕር ዳር እህት ከተማ ናት፤ ብዙዎቻችን ስሟን እንጂ ሥራዋን አናውቅም። የብረት ፋብሪካዎቿ ሲዳከሙባት ከጎረቤቶቿ ከአክሮንና ከካንተን ጋር ተባብራ ባለሀብት የሚስብ አንድ ድርጅት አቆመች። ቲም ኒኦ ይሉታል። የንግድ ምክር ቤቶቹ ናቸው የመሠረቱት፤ ሰሜን ምሥራቅ ኦሃዮን እንደ አንድ ገበያ አድርጎ ነው የሚያስተዋውቀው። አክሮን ጎማ የሚሠራባት ከተማ ነበረች፤ የጎማ ዕውቀቷ ለፕላስቲክና ለፖሊመር ሥራ መሠረት ሆናታል። ክሊቭላንድ ያንን እንደ ራሷ ሀብት ትቆጥረዋለች እንጂ «የአክሮን ነው» ብላ አትደብቀውም።

ባለ ሕንፃው ሳቀ። «አሜሪካንን ከእኛ ጋር! እንግሊዝ እንኳ ሞክራው ዘግታዋለች፣ ልጄ ነግሮኛል።» መምህሩ አረመው። እንግሊዞች በየአካባቢው የከተማ ሹማምንትንና ነጋዴዎችን በአንድ ቦርድ ያስቀመጡት በ2011 በፈረንጆቹ ነው፤ በ2024 መንግሥት ገንዘቡን ሲያቋርጥ ሥራው ለአካባቢ መስተዳድሮች ተላለፈ። ስሙ ተቀየረ እንጂ አብሮ መሥራቱ አልቀረም። ግማሽ ወሬ ይዞ መከራከር እንዲህ ያጋልጣል።

ከዚያ ባለ ሕንፃው ሰላምን አነሣ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ እያየን የትኛው ባለሀብት ነው የሚመጣው አለ። ከተናገረው ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው፤ ሰላም ከሌለ ሁሉም ከንቱ ነው፣ አልክድም። ግን ይህን ያነሣው ለምን ነበር? መንገዱ ከተዘጋ መሬት በነፃ መስጠቱስ ምን ይፈይዳል? መምህሩም ያለው ይህንኑ ነው። «እንዲህ ባለው ጊዜ እንኳ እዚህ የቀሩ ፋብሪካዎች አሉ። ጥሬ ዕቃ አጥተው፣ ሠራተኛ በትነው፣ ግን አልሄዱም። በራቸውን አንኳኩቶ ‹ምን ጎደላችሁ?› ያላቸው አለ? የዚያ የጋራ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያ ሥራ እነሱን መያዝ ነው። የውጭው ባለሀብት ሲመጣ ማንን የሚጠይቅ ይመስልሃል? እነሱን ነው።»

እውነት ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ ስታስወጣ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች በአንድ ጊዜ ነው ባዶ ሜዳ ላይ የቀሩት። በአንድ የገበያ በር ብቻ የተመኩ ሁሉ ተጎዱ። ያኔ የየከተማው አስተዳደር ለየብቻው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

በመጨረሻ ክርክሩን የዘጋችው የቤቱ ባለቤት ናት። ቆማ ስትሰማ ቆይታ፣ ቢላዋዋን እንደያዘች፣ የቀረሶው ቅርፊት ክንዷ ላይ እንደተለጠፈ መጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጎመን የሚጠነዛው ሴት በዝቶ አይደለም። ሁሉም ‹እሷ ታየዋለች› እያለች ስትሄድ ነው። ሠርግ ቤት ሃያ ሴት ሆነን እንሠራለን። አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ እሳት ትቆሰቁሳለች፣ ወጡን የምትቀምስ አንዲት ዋና አለች። ምን ወጥ አሮ ያውቃል? ወንዶቹ ናችሁ በልታችሁ የምትመሰክሩት።»

«እትዬ ልክ ነሽ» አለ መምህሩ። ባለ ሕንፃው ግን ሒሳብ ጠየቀ፤ እየከፈለ እንኳ «ቢሆንም፣ ሴት ቢበዛ…» እያለ ነበር።

እኔ የምፈርደው ለሴትየዋ ነው። እሷ ያለችው ነገር ሙሉው አሠራር ነው፤ ሥራው ይከፋፈላል፣ ኃላፊዋ ትታወቃለች፣ ወጡ ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ማንም አይጠፋውም። የእኛ ከተሞች የጎደላቸው ይህ ነው። እያንዳንዱ የራሱን መድረክ ያዘጋጃል፣ የራሱን ባነር ይሰቅላል፣ ያንኑ ባለሀብት ተራ በተራ ይጋብዛል። ባለሀብቱ አንዱን ከተማ በሌላው እያስፈራራ ሰፊ መሬት ይወስድና አጥሮት ይሄዳል።

ነገሩ ከኢንቨስትመንትም ያልፋል። ደቦ የምናውቅ፣ ወንፈል የምናውቅ፣ ዕቁብና ዕድር ያቆምን ሰዎች ነን። ጎረቤት ሲሞት ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይተከላል፤ ማን ወንበር እንደሚያመጣ፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል ማንም አይጠይቅም። ለሞት እንዲህ የምንተባበር ለእንጀራ ሲሆን ምን ነካን? ሀብት ማለት መሬት ማጠር፣ ሀብታም ማለት ቀድሞ የያዘ ሆኗል። ማሽን ተክሎ መቶ ሰው ከሚቀጥረው ይልቅ ቦታ ይዞ ዋጋው እስኪጨምር የሚጠብቀው ይከበራል። ደላላው መኪና ሲቀይር ያየ ልጅ ስለ ሩዝ ማሽን ብትነግሩት አይሰማችሁም። ፖሊ ተምሮ የወጣው ደግሞ ዲፕሎማውን አጣጥፎ ወደ አዲስ አበባ፣ ሲከፋም በመተማ በኩል ይሄዳል።

በካሳ የተነሣው ገበሬ በቀድሞ ማሳው ላይ የተሠራውን አጥር ጥበቃ ሆኖ ሲጠብቅ ያየሁበት ቦታ አለ። ከአጥሩ ውስጥ ሣር እንጂ ፋብሪካ የለም። ያ መሬት ለማን ተሰጠ፣ መቼ ሊሠራበት ተዋዋለ፣ ለምን አልተመለሰም ብሎ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ግን «ሰዓት አልቋል» ይባላል።