ሻይ መወርወር ብቻ አይበቃም

ቦስተን ያለውን የሻይ አመፅ ሙዚየም የጎበኘ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ስብሰባ ትቀመጣላችሁ፣ በእንግሊዝ ንጉሥ ግብር ላይ ትጮኻላችሁ፣ ከዚያ መርከብ ላይ ወጥታችሁ የሻይ ሣጥን ወደ ባሕር ትወረውራላችሁ። ሣጥኑ በገመድ የታሰረ ነው፤ ተጎትቶ ይወጣና ለቀጣዩ ሰው ይደርሳል። ልጆች ጮቤ ይረግጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1773፣ በእንግሊዝ ይገዙ የነበሩት አሜሪካውያን በግብሩ ባመፁበት የእውነቱ ሌሊት፣ ውኃ ውስጥ የገባው 342 ሣጥን ነበር።

ይሄን አልቃወምም። ታሪክን በእጅ መንካት መጽሐፍ የማይሰጠውን ይሰጣል። ግን ጩኸቱን ብቻ አይቶ የተመለሰ ልጅ ታሪኩን በግማሽ ነው የያዘው፤ ስለ ነፃነት ሲጮህ ያመሸው ሰው ቤቱ ሲገባ እራቱን ማን እንደሠራለት አልሰማማ።

ለዚህ ቨርጂኒያ ያለው ዊሊያምስበርግ፣ የዚያን ዘመን ኑሮ የሚያሳየው የሙዚየም ከተማ፣ ይሻላል ባይ ነኝ። ዲሲ አካባቢ ለምንኖር አበሾች ሩቅም አይደለም። በገዥው ቤተ መንግሥት ማድ ቤት የዘመኑን ልብስ የለበሱ ባለሙያዎች በእንጨት እሳት ያበስላሉ። ፍሙን ወደ ፊት ይስቡና ድስቱን ይጥዱበታል፣ ክዳኑም ላይ ፍም ይጨምራሉ፤ ልክ እንደኛ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት። ያን ሥራ ቀን ከሌት ይሠሩ የነበሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ አብዮት ዋዜማ ከከተማው ነዋሪ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነበር፣ አብዛኛውም ባሪያ። እ.ኤ.አ. በ1775 የእንግሊዙ ገዥ ሎርድ ደንሞር፣ ከአማፂ ጌታው አምልጦ ለንጉሡ የሚዋጋ ባሪያ ነፃ ይወጣል ብሎ ሲያውጅ ብዙዎች ወደ እሱ ሸሹ። ለእነሱ ነፃነት በንጉሡ በኩል ነበር የመጣው! ይሄ በሻይ ሣጥን አይገለጽም።

ቦታው እዚህ የደረሰው በቀላሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የባሪያ ጨረታ በአደባባይ ሲያሳዩ የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ሊቃወሙ መጡ፤ የወገኖቻችን ስቃይ ትርኢት አይሁን ብለው። ሥጋታቸው ይገባኛል። ግን ዝግጅቱን የመራችው ክሪስቲ ኮልማን ራሷ ጥቁር ናት፣ ለሽያጭ የቀረበች ነፍሰ ጡር ሆናም ተጫውታለች። ሊቃወሙ ከመጡት አንዱ ጃክ ግሬቭሊ ካየ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ።

እኔም ከኮልማን ጋር ነኝ። ልጆቻችሁን ስትወስዱ ማድ ቤቱ ውስጥ ቆየት በሉ። እራቱ ከቀረበ በኋላ አብሳዩ የት ይተኛ እንደነበር ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁ፤ ባለሙያዎቹ ይመልሱላቸዋል።